በቁሟ የተለቀሰላት እናት

አንድ የቀን ሠራተኛ ነበር። እብሬ ይባላል። ሲወለድ ያወጡለት ስም ኢብራሂም ነው፤ ግን ወሎ ውስጥ ኢብራሂም ብሎ እስኪጨርስ ማን ይጠብቃል፣ እብሬ ሆኖ ቀረ።

ሥራው ከተማ ውስጥ ሕንፃ በሚሠራበት ሁሉ ድንጋይና አርማታ መሸከም ነው። ባሬላ የምትባል የእንጨት ቃሬዛ አለች፤ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ ሆኖ ይይዛታል። እሷን ይዞ ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች ሲል ይውላል። ማታ ሲገባ እጁ አልታጠፍ ይለዋል። ጠዋት ደግሞ ጎህ ሲቀድ የቀን ሠራተኛ የሚቆምበት አደባባይ ላይ ይገኛል፤ ትንሽ ካረፈደ ፎርማኑ ሌላውን መርጦ ይሄዳል።

እናቱ ጦይባ አገር ቤት ናት። ባሏ የሞተው እብሬ ጥርስ ሳያበቅል ነው። ሰሌን እየታታች፣ ገበያ እያወጣች፣ ለብቻዋ አሳደገችው። የመንደሩ መስጊድ ውስጥ ከተነጠፈው ሰሌን ግማሹ የእሷ እጅ ነው። ልጇን ትምህርት ቤትም አስገብታው ነበር። ስድስተኛ ክፍል ሲደርስ ግን ዝናቡ ቀረ፣ ወባውም እሷን ጣላት። ያኔ አልጋዋ ላይ ሆና፣ "ልጄ፣ ለዘንድሮ ደብተሩን አስቀምጠውና እጄ ሁነህ እርዳኝ" አለችው። ዘንድሮ ያለችው እዚያው ቀረ። ደብተሩም ከተቀመጠበት አልተነሳም።

ከዚያ ትንሽ ከፍ ሲል ወደ ከተማ ወጣ። የወጣው እናቱን ሊረዳ ነው። በመንደሩ ዐረብ አገር ልጅ ያላቸው ሰዎች ቤታቸው ሁሉ ቆርቆሮ ለብሷል። ፀሐይ ስትወጣ ከማዶ ያብለጨልጫል። የጦይባ ቤት ብቻ ሣር ነው። እብሬም ማንም ሳያስገድደው፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ "የእናቴን ቤት ቆርቆሮ ሳላለብስ እግሬ ያን አገር አይረግጥም" ብሎ ለራሱ ማለ።

መማል ቀላል ነው። አንዱ ዓመት ታመመ፣ ያጠራቀመውን ሐኪም ቤት በላው። አንዱ ክረምት ሥራ ቆመ፣ የቀረውን ሆዱ በላው። የቆርቆሮው ዋጋ ደግሞ አንድ ቀን እንኳን ባለበት ቆሞ አያውቅም፤ እሱ አንድ እርምጃ ሲጠጋ ዋጋው ሁለት ይሸሻል።

በመጀመሪያዎቹ ጊዜያት ስልክ ይደውል ነበር። እናቱ ስልክ የላትም፤ የሚያገኛት በጎረቤታቸው በአያ ደምሴ ስልክ ነው። እሷም ስልኩ ላይ እንደ ገደል ማሚቶ እየጮኸች፣ "ለኢድ ትመጣለህ?" ትለዋለች።

"ኢንሻአላህ።"

ኢድ ያልፋል። "ለመውሊድስ?"

"ኢንሻአላህ።"

መውሊድም ያልፋል። ቆይቶ ቃሉ ራሱ አፉ ውስጥ ከበደው። የአላህን ስም የውሸቱ መሸፈኛ እንዳደረገው ገባው። ስለዚህ ምን አደረገ? ውሸቱን ትቶ እውነቱን ይናገራል ስትሉ፣ መደወሉን ተወ። ስልኩ ሲጠፋበት አዲስ ቁጥር አወጣ፣ ለአገር ቤት ግን አልሰጠም። እንዲህ እንዲህ እያለ አምስት ዓመት ሞላ።

የሚያድርበት ቤት ባለቤት እማማ ሸዋረገድ ይባላሉ። ግቢያቸው ውስጥ ለቀን ሠራተኞች አልጋ ያከራያሉ፤ ጠዋት ጠዋት ደግሞ በሶ በጥብጠው ይሸጣሉ። አንደበታቸው ስለት ነው፣ እጃቸው ግን ለጋስ ነው። እብሬ ሁለት ሳምንት ታሞ ሲተኛ ውሃ ያጠጡት፣ ልብሱን ያጠቡለት እሳቸው ናቸው።

አንድ ቀን በሶውን እየሰጡት፣ "አንተ ልጅ፣ እናት አለችህ ወይስ ከድንጋይ ነው የተፈለፈልከው?" አሉት።

"አለችኝ እማማ።"

"ታዲያ ምነው የማትጠይቃት?"

"ባዶ እጄን እንዴት ብዬ ልሂድ?"

"እናትህ ጉምሩክ ናት እንዴ እጅህን የምትፈትሽ?"

በሶ የሚጠጡት ሁሉ ሳቁ። እብሬም ሳቀ። እማማ ሸዋረገድ ግን አልሳቁም። "እኔም እንዳንተው ነበርኩ" አሉት። "ለእናቴ ቀሚስና ሻሽ ሳልገዛ አልሄድም ብዬ ቆየሁ። ገዛሁም። የደረስኩት ግን ለአርባዋ ነው። ሻሹን ምን ላድርገው? ራሴ አሰርኩት።"

እብሬ በሶውን ጨርሶ፣ ጣሳውን መልሶ፣ ወደ ሥራው ሄደ። በልቡ፣ "ለሚቀጥለው ዓመት በእርግጥ እሄዳለሁ" ይል ነበር። የሚቀጥለው ዓመት እጁ ላይ ያለ ይመስል!

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በእኛ አገር መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። ሰውዬው ለሥራ ሳይወጣ፣ ገና ሳይነጋ፣ ዘመድና የአገር ልጅ ሰብሰብ ብሎ ይመጣል። አንድ ሰው ብቻውን አይመጣም። የመጡት አይስቁም። ሰላምታው ያጥራል። ባለቤቱ በሩን ከፍቶ ፊታቸውን ሲያይ ሳይነገረው ይገባዋል።

አንድ ጠዋት እብሬ ጫማውን እያሰረ ሳለ የግቢው በር ተንኳኳ። እማማ ሸዋረገድ ከፈቱ። "እብሬ፣ የአገርህ ሰዎች ናቸው" ሲሉ ድምፃቸው ልክ አልነበረም።

ቀና ብሎ አየ። ሦስት ናቸው። ከፊት ሸህ ኑርዬ፣ የመንደሩ ሸህ፣ በትራቸውን ተደግፈው። ከኋላቸው አያ ደምሴ፣ ያ ባለ ስልኩ ጎረቤት፤ ክርስቲያን ነው፣ ግን ከእብሬ አባት ጋር በሬ አቀናጅቶ ሲያርስ የኖረ ወዳጅ ነው። ሦስተኛዋ እማማ ለይላ፣ የመንደሩ አዋላጅ፤ እብሬን ያዋለዱ፣ እናቱንም ያዋለዱ፣ ዕድሜያቸውን እሳቸውም የማያውቁት። እማማ ለይላ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አንገታቸው ላይ ጠምጥመዋል፣ ልክ ለቅሶ ቤት እንደሚኬደው።

እብሬ እንደ ምንም ብሎ አግዳሚውን ወንበር አቀረበ። "ተቀመጡ" አለ።

ሸህ ኑርዬ ራሳቸውን ነቀነቁ። "አንቀመጥም ልጄ። አንተ ግን ቁጭ በል።"

በቃ። ሌላ ምን ይቀራል?

"እማዬን!" ብሎ መሬት ላይ ወደቀ። "እማዬን! እማዬን! እኔ ውሻ! ሰሌን ታትተሽ ያሳደግሽኝ! ወባ እያንቀጠቀጠሽ ቡልኮውን ከላይሽ ገፈሽ ለእኔ ያለበስሽኝ! ለኢድ እመጣለሁ፣ ለመውሊድ እመጣለሁ እያልኩ የሸነገልኩሽ! አንድ ቀን እንኳን አመሰግናለሁ ሳልልሽ! ጉልበትሽን ሳልስም! ቆርቆሮ ይቆርጠኝ! ምን ነበረበት ባዶ እጄን ብመጣ!"

እማማ ሸዋረገድ ወዲያው ወገባቸውን አሰሩና "ወይኔ ልጄን!" ብለው ተቀበሉት። ተከራዮቹ አንድ በአንድ ከየክፍላቸው ወጡ። አንዱ ማን እንደሞተ ሳይጠይቅ ማልቀስ ጀመረ። የሰፈሩ የዕድር ዳኛ ጩኸቱን ሰምተው በፒጃማ ሱሪያቸው ላይ ካፖርት ደርበው ብቅ አሉና ግቢውን ዞር ዞር ብለው አዩት። "ድንኳኑ እዚህ አይገባም፣ ውጭ መንገዱ ላይ ነው የምንተክለው" አሉ።

ሸህ ኑርዬ እጃቸውን ዘርግተው፣ "ኧረ ሰዎች፣ ስሙኝ! ኧረ በአላህ!" ይላሉ። ማን ይስማቸው።

በመጨረሻ እማማ ለይላ በሰው መሃል ሰንጥቀው ገቡና ጎንበስ ብለው የእብሬን ጆሮ ያዙት። ዕድሜ ያደከማቸው ይመስላሉ እንጂ ጣታቸው ጉጠት ነው።

"አንተ! ማነው የሞተው?"

"እናቴ!"

"ማን ነገረህ?"

"እናንተ!"

"እኛ አፋችንን ከፈትን?"

እብሬ እንባው እየወረደ ቀና አለ። ግቢው ጸጥ አለ። ያ ማን እንደሞተ ሳይጠይቅ ሲያለቅስ የነበረው ልጅ ብቻ አልሰማም፤ ጓደኛው በክርኑ ጎሸም አደረገው።

"እናትህ ደህና ናት" አሉ እማማ ለይላ። "በቁሟ ትቀብራታለህ እንዴ፣ አንተ ጥጋበኛ?"

"ታዲያ በንጋት ምን አመጣችሁ?"

"በቀን ብንመጣ የት እናገኝህ ነበር?" አለ አያ ደምሴ። "ባለፈው እዚህ በግ ሊሸጥ የመጣ የአገር ሰው አደባባዩ ላይ አይቶህ፣ የምታድርበትን ጠያይቆ ነው የነገረን። ገና ሳይነጋ ካልያዛችሁት አታገኙትም አለን።"

"ተቀመጡ ስላችሁ ለምን እምቢ አላችሁ?"

"ሽማግሌ ሆነን ነዋ የመጣነው!" አሉ ሸህ ኑርዬ። "ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ እሺ ሳይባል መቼ ነው የሚቀመጠው? አባትህ ቢኖር ይሄን ያስተምርህ ነበር።"

እብሬ እማማ ለይላን አየ። "ነጠላውስ?"

"የአውቶብሱ መስኮት አልዘጋ ብሎ ንፋሱ አንገቴን ጨረሰኝ! ምን ላድርግ፣ ለአንተ ብዬ ልሙት?"

ሰው ሁሉ ሳቀ። እማማ ሸዋረገድ ወገባቸውን እየፈቱ፣ "ተመስገን! ተመስገን!" አሉ። የዕድር ዳኛውን ደግሞ፣ "በሉ እርስዎም ይግቡ፣ ብርድ ይመታዎታል" ብለው ሸኟቸው።

እብሬ ግን አልሳቀም። እሱም የዚያው አገር ልጅ ነው። የአገሩን ሰው ያውቃል። የእኛ ሰው ሞትን ፊት ለፊት አይናገርም፤ "ትንሽ አሟታል፣ ና ጠይቃት" ይልህና አባብሎ ይወስድሃል። አንተ መድኃኒት ይዘህ ትደርሳለህ፣ ድንኳን ቆሞ ታገኛለህ። ደግነት ነው፣ መንገድ ላይ እንዳትሰበር ብለው ነው። ግን በዚህ ደግነት የተነሳ፣ ደህና ናት ሲሉህም አታምናቸውም።

"አትደብቁኝ" አለ። "ሸህ፣ አትደብቁኝ።"

"ወላሂ፣ ስንወጣ እስከ ወንዙ ድረስ ሸኝታናለች።"

"ታዲያ ሽማግሌ አድርጎ የላካችሁ ማነው?"

"እሷው ናት።"

"ምን ብላ?"

ሸህ ኑርዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "አፉ በለኝ ብላ።"

የእብሬ ፊት እንደገና አመድ መሰለ። አፉ በለኝ ማለት ይቅር በለኝ ማለት ነው፤ ግን በእነሱ አገር አልጋ ላይ የወደቀ ሰው፣ መሄዱን ያወቀ ሰው ነው ዘመድ ጎረቤቱን ጠርቶ አፉ በሉኝ የሚለው። "አላልኳችሁም!" ብሎ ጮኸ። "ይሄው! ልትሞት ነው!"

አያ ደምሴ ትዕግሥቱ አለቀ። "ኧረ ይሄ ልጅ ዛሬ ሳይቀብራት አይመለስም!" አለ። "ስማ፣ ስማ እንጂ! ከትምህርት ቤት ስላወጣችህ ነው። በእኔ የተነሳ ልጄ ድንጋይ ተሸካሚ ሆነ፣ ደብተሩን ያስጣልኩት እኔ ነኝ፣ ቂም ይዞብኝ ነው የቀረው ትላለች። አምስት ዓመት ሙሉ እንቅልፍ የላትም። ስልኬ በጮኸ ቁጥር በሬ ላይ ትደርሳለች። አንተ አይደለህም።"

ሸህ ኑርዬ ጨመሩበት። "ባል በሚስቱ ላይ ሽማግሌ ሲልክ አይቻለሁ። ልጅ ያጠፋ እንደሆነ በአባቱ ላይ ሲልክ አይቻለሁ። እናት በገዛ ልጇ ላይ ሽማግሌ ስትልክ ግን ይሄ ጢሜ እስኪሸብት አላየሁም። እግሬን ይዛ ነው የለመነችኝ። በል አሁን፣ ምን ትላለህ? ቆመናል።"

እብሬ አሁን ገባው። እሱ ባዶ እጄን ብሎ ቀረ። እሷ ጠልቶኝ ነው ብላ ተቃጠለች። አምስት ዓመት ሙሉ ሁለቱም በየቤታቸው ጥፋተኛው እኔ ነኝ ሲሉ ኖረዋል።

"እሄዳለሁ" አለ። "ዛሬውኑ።"

ያኔ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። እማማ ሸዋረገድ በሶ በጠበጡላቸው፤ ለመንገድም በላስቲክ ቋጠሩላቸው። እብሬ ልብሱን በፌስታል አድርጎ ሲወጣ በሩ ላይ ቆም አለና እጁን አየ። እማማ ሸዋረገድ አዩት። "ሂድ ወዲያ!" ብለው ከኋላው ገፉት።

መንገዱ ረጅም ነው። አውቶብስ ውስጥ ሦስቱ ፊት ለፊቱ ተቀምጠዋል፣ እሱ ፊታቸውን እንደ ቁርአን ያነባል። አያ ደምሴ ለሸህ ኑርዬ ጆሮ አንድ ነገር ሹክ ሲል ለመስማት አንገቱን ያሰግጋል፤ ሹክ ያለው ግን ስለ በግ ዋጋ ነው። እማማ ለይላ እንቅልፍ ወስዷቸው ሲቃትቱ፣ ለእናቱ የሚያለቅሱ ይመስለዋል። ቢምሉለትም ልቡ አልተቀመጠም። "ስንወጣ ደህና ነበረች" ነው ያሉት። ከወጡ ደግሞ ይሄው ሦስተኛ ቀናቸው። በሦስት ቀን ስንት ነገር ይሆናል! "ያ ረቢ" እያለ ይለምናል፣ "ቆርቆሮም አልጠይቅህ፣ ምንም አልጠይቅህ፣ በሕይወት አድርሰኝ፣ በሕይወት አቆይልኝ።"

መንገድ ላይ አድረው በማግስቱ ከአውቶብስ ወርደው በእግር ተጓዙ። የመጨረሻውን ዳገት ሲወጡ እብሬ ሽማግሌዎቹን ትቶ ሮጠ። ከአፋፉ ላይ መንደሩን አየ። ድንኳን የለም። ሰው አልተሰበሰበም። ትንፋሹን ለቀቀ።

ግን ደጃፍ ሲደርስ በሩ ዝግ ነው። ጭስ የለም። ግቢው ጭር ብሏል።

"እማዬ" አለ። መልስ የለም። "እማዬ!" አለ ከፍ አድርጎ። ዝም። በሩን ገፋ፣ ከውጭ ታስሯል።  ቀብረዋት ለሠልስትም ሳልደርስ ቀረሁ ብሎ አሰበ። ሊጮህ አፉን ሲከፍት፣ ከቤቱ ጀርባ ድምፅ ሰማ።

"አንቺ ነቀርሳ! አንቺ የጅብ ራት! ስንት ቀን የታታሁትን ነው የምትበዪው! ቆይ፣ ለኢድ እኔ ነኝ የምበላሽ!"

ፍየል ስትሰድብ ነው።

እብሬ እዚያው በሩ ሥር ቁጭ አለ። ሳቅና ለቅሶ አንድ ላይ መጣበት። ከዚያ ድምፅ የሚጥም ነገር በዕድሜው አልሰማም። አላህ ሲምር እንዲህ ነው፣ በፍየል ስድብም ይመጣል።

ጦይባ ፍየሏን በጭራሮ እያባረረች ዞር ስትል አየችው። ጭራሮው ከእጇ ወደቀ። ከስታለች፣ ፀጉሯ ነጥቷል፣ ግን በእግሯ ቆማለች። ሮጣ መጣችና ልታቅፈው ነው ሲል፣ ጎንበስ ብላ እግሩን ልትይዝ እጇን ዘረጋች።

"አፉ በለኝ ልጄ..."

እብሬ ከመሬት ሳይነሳ ቀድሟት ጉልበቷን አቀፈ። "እማዬ፣ ተይ! ምን ሁነሽ ነው! እኔን ነው እንጂ አፉ የምትይኝ!"

"ደብተርህን ያስጣልኩህ እኔ ነኝ።"

"ማን ነው ያለሽ? እኔ እኮ ደስ ብሎኝ ነው የወጣሁት!"

"ምን?"

"የሒሳቡን አስተማሪ ረሳሽው? ያን ባለ ልምጭ? ዘጠኝ ሲባዛ በስምንት ባለ ቁጥር መዳፌን ይልጠው ነበር! አንቺ ደብተሩን አስቀምጠው ስትዪኝ፣ ከጓሮ ዞሬ ዘልዬ ነው አልሃምዱሊላህ ያልኩት! ኋላ ቆጭቶኛል፣ አልዋሽሽም። ግን አንድ ቀን አንቺን ተቀይሜ አላውቅም።"

እናቱ ትክ ብላ አየችው። "አምስት ዓመት ሙሉ እኔ ስንሰቀሰቅ፣ አንተ ለካ ከልምጭ ነው ያመለጥከው!" ብላ ጀርባውን በቡጢ ደቃችው። ደግማ ደቃችው። ከዚያ አቅፋ ያዘችው።

"ታዲያ ለምን ቀረህ?"

"ቆርቆሮ ሳልይዝ አልመጣም ብዬ።"

"ቆርቆሮ!" አለች። "ዝናብ ሲመታው ጆሮዬን ሊያደነቁረኝ? የጎረቤታችን የከድጃ ቤት ቆርቆሮ ለብሷል። ቆርቆሮውን የላከላት ልጇ ግን ከዐረብ አገር እስከዛሬ አልመጣም። ዝናብ በዘነበ ቁጥር እኔ ጋ መጥታ ነው የምታለቅስ።"

ይሄን ጊዜ ሽማግሌዎቹ እያለከለኩ ደረሱ። ሸህ ኑርዬ በትራቸውን መሬት ላይ ተከሉ። "ቆይ፣ ቆይ! ሽምግልናው አላለቀም። ማነው አፉ በለኝ የሚለው?"

"እኔ!" አሉ ሁለቱም እኩል።

"ይሄማ አዲስ ነው" አለ አያ ደምሴ። "ሁለቱም በዳይ የሆኑበት ክስ አላየሁም።"

እብሬ ዳግመኛ ተንበረከከ። ከተማ ውስጥ መሬት ላይ ወድቆ የጮኸውን ሁሉ አሁን ቀስ ብሎ ነገራት። ስለ ሰሌኑ፣ ስለ ወባው፣ ስለ ቡልኮው። "አላህ ይስጥልኝ እማዬ" አለ። "አንቺን የማመሰግነውን ያህል ማንንም አላመሰግንም።" እሷም እጇን ራሱ ላይ ጭና መረቀችው።

"የነካኸው ይባረክ፣ የረገጥከው ይለምልም። ክፉ ዓይን አይይህ፣ ክፉ ድንጋይ አይውደቅብህ። የሰው ፊት አይግረፍህ። ወልደህ ሳም፣ የወለድከው ይጡርህ። እኔን እንዳሳረፍከኝ አላህ ያሳርፍህ።"

ሸህ ኑርዬ አሚን አሉ። አያ ደምሴ አሜን አለ። እማማ ለይላ፣ "እኔስ? እናትህንም አንተንም ከሆድ ያወጣሁ እኔ አይደለሁ?" ሲሉ የእሳቸውንም ጉልበት ሳመ። ከሳምንት በኋላ ወደ ከተማ ሲመለስም መጀመሪያ የሄደው በሶ ወደሚበጠብጡት ሴትዮ ነው፤ የእሳቸውንም ጉልበት ሊስም ተንበረከከ። እማማ ሸዋረገድ፣ "ተነስ፣ ሰው ያየናል!" እያሉ ተቆጡት፤ ግን ጉልበታቸውን አላሸሹም።

አሁንም ባሬላ ተሸካሚ ነው። አሁንም ይደክመዋል። ማታ ሲተኛ ግን ይተኛል። በየሳምንቱም በአያ ደምሴ ስልክ ይደውላል፤ መምጣት የማይችል ከሆነም አልችልም ይላል፣ እሷም፣ "ድምፅህን ሰማሁ፣ ይበቃኛል" ትለዋለች።

ወገኖቼ፣ የዚህ ታሪክ ትምህርቱ እንዲህ ነው። እብሬ ከተማ ውስጥ መሬት ላይ ወድቆ የተናገረውና እናቱ ጉልበት ሥር ሆኖ የተናገረው ቃል አንድ ነው። አንድም አልጨመረም፣ አንድም አልቀነሰም። ያ ቃል ከሞት በኋላ ሲነገር ሙሾ ይባላል፤ ጎረቤት ነው የሚሰማው። በቁም ሲነገር ምስጋና ይባላል፤ እናት ትሰማዋለች፣ መልሳም ትመርቅበታለች። እብሬን አላህ ወዶት ስህተቱን በድንጋጤ ብቻ አለፈለት። በንጋት የሚንኳኳ በር ሁሉ ግን የሽምግልና አይደለም።

ባዶ እጄን ነኝ ብላችሁ የቀራችሁ፣ ሂዱ። መሄጃ የሌላችሁ ደውሉ። እናታችሁ ያለፈች እንደሆነ ደግሞ፣ በታመማችሁ ጊዜ ውሃ ያጠጣች፣ በተራባችሁ ጊዜ ያጎረሰች አንዲት አሮጊት አትጠፋም፤ ለእናታችሁ ጸልዩላት፣ ዱዓ አድርጉላት፣ የእሷን ምስጋና ለዚያች አሮጊት ስጡ።

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ዛሬ እናታችሁ ሞተች ብትባሉ፣ እየጮኻችሁ የምትናገሩት የመጀመሪያው ቃል ምንድነው? እሱን ነው አሁን፣ ጆሮዋ ሳለ፣ መንገር ያለባችሁ።